ሁሉም ትክክል የመለሱበት ፈተና

በቦርከና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሹክ የሚባለው፣ ሁሉም ሰው ጆሮው ውስጥ የሚሰካው መካሪ ማሽን የማይሠራበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከተማሪዎች ምግብ ቤት ጀርባ ያለው አሮጌው የሽንኩርት መጋዘን ነው። መጋዘኑን ድሮ የሠራው ኮንትራክተር ምን ነክቶት እንደሆነ አይታወቅም፣ ብረቱንም ሲሚንቶውንም ፕላኑ ላይ ከተጻፈው በላይ ጨምሮበታል። በዚህ የተነሳ ግድግዳው ምንም ነገር አያሳልፍም። ሕጉ ደግሞ የመግቢያ ሎጂክ ትምህርት ያለ ሹክ ይሰጥ ይላል። ዩኒቨርሲቲው አዲስ አዳራሽ ከሚሠራ ሽንኩርቱን ወደ አንድ ጥግ መግፋት ቀለለውና፣ ዶክተር ጦይባ እንድሪስ የኮምፒዩተር ሳይንስ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ከሽንኩርት ጋር ማስተማር ጀመረች።

ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ የሚሆነው ነገር ያው ነው። ተማሪዎቹ ተሰልፈው ይመጣሉ። ጠረጴዛው ላይ የእንቁላል ትሪዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሹኩን ከጆሮው ያወጣና ትሪው ላይ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጣል። ከዚያ ለአፍታ ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንዳንዱ ይገረጣል፣ አንዳንዱ የሚያስቅ ነገር ሳይኖር ይስቃል። ጡት ከጣለ ጀምሮ ሹክ ጆሮው ውስጥ ሲያወራለት የኖረ ሰው ድንገት ጭንቅላቱ ባዶ ቤት ሲሆንበት እንደዚያ ያደርገዋል። ለዚህ ሲባል በር ላይ አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ተመድባለች። ውሃ ታቀብላለች፣ ትከሻ መታ መታ ታደርጋለች፣ "ሁለት ሰዓት ብቻ ነው፣ ያልፋል" ትላለች።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ተማሪ ትምህርቱ መሃል ተነስቶ፣ "ቲቸር፣ ርቦኝ ነው ወይስ አሞኝ ነው?" ብሎ ጠየቀ።

"ምን ይሰማሃል?" አለችው ጦይባ።

"እሱን እኮ ነው የምጠይቅዎት" አላት።

በዚያ ዘመን የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሩቅ ኮድ አይጽፍም፤ ኮዱን ማሽኑ ራሱ ይጽፋል። ምሩቁ የሚቀጠረው አጽዳቂ ሆኖ ነው። ማሽን የወሰነውን ያያል፣ "እስማማለሁ" የሚለውን ይነካል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ባንክ ብድር ሲከለክል፣ ሆስፒታል ወረፋ ሲሰጥ፣ መዘጋጃ ቤት አጥር ሲያፈርስ፣ መጨረሻ ላይ አንድ የሰው ልጅ መስማማት አለበት። "አልስማማም" የሚልም አለ፤ ግን እሱን ለማግኘት ሦስት ገጽ ወደ ታች መውረድ፣ ከዚያም ምክንያት መጻፍ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ቢያንስ አንድ የሎጂክ ኮርስ በገዛ ራሱ ጭንቅላት ይለፍ የሚል ሕግ ስላለ ነው ጦይባ እስካሁን ደመወዝተኛ የሆነችው። ሌሎቹ መምህራን ከብዙ ጊዜ በፊት "የትምህርት ተከታታይ" ተብለዋል፤ ቢሮ ቁጭ ብለው ትምህርቱ እየተሰጠ መሆኑን ይከታተላሉ። ቆሞ የሚያስተምር እሷ ብቻ ቀርታለች።

ጦይባ ሃምሳን ያለፈች፣ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ወፍራም ሴት ናት። ትምህርቷን የምታስተምረው በምታውቃቸው ሰዎች ነው። አንድ ቀን "ዛሬ ስለ ዶክተር ልሳነወርቅ እንማራለን" ብላ ቾክ አነሳች። ዶክተር ልሳነወርቅ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የእሷም አለቃ ናቸው። ቦርዱ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦

ዶክተር ልሳነወርቅ አህያ ከሆኑ፣ ጆሮ አላቸው።
ዶክተር ልሳነወርቅ ጆሮ አላቸው።

"ስለዚህ?" አለች ዞራ።

ብዙዎቹ ከልምድ እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱ፤ ጆሯቸው ባዶ ነው።

"ስለዚህ አህያ ናቸው" አለች ከኋላ አንዲት ልጅ። ረውዳ ሰይድ ናት፤ ወንበር እያለ የሽንኩርት ጆንያ ላይ የምትቀመጥ፣ የቤት ሥራ ሠርታ የማታውቅ፣ አፏ ግን የማያርፍ።

"ይከተላል?"

"መከተሉን እንጃ። ግን እውነት ነው።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጦይባ ሳቋን ዋጥ አደረገች። "እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አህያ ናቸው ወይ አይደለም የጠየቅኩሽ። ከነዚህ ከሁለቱ ተነስተሽ እዚያ መድረስ ትችያለሽ ወይ ነው።"

ረውዳ የሽንኩርት ልጣጭ በጣቷ እያሸች ቦርዱን አየች። ዝም አለች። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ጦይባም ዝም ብላ ጠበቀቻት፤ በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ሌላውን ዝም ብሎ የሚጠብቅበት ሌላ ቦታ አልነበረም።

"እኔም ጆሮ አለኝ" አለች በመጨረሻ። "አህያ ግን አይደለሁም።"

"እና?"

"እና አይከተልም። አህያ ሁሉ ጆሮ አለው እንጂ ጆሮ ያለው ሁሉ አህያ አይደለም። እሳቸው ሊሆኑም ላይሆኑም ይችላሉ፤ ይሄ ጽሑፍ ግን አላሳየንም።"

ጦይባ ቾኳን አስቀመጠች። ለዚህች ደቂቃ ነበር ዓመቱን ሙሉ በሽንኩርት ሽታ ዐይኗ የሚያለቅሰው።

ፈተናው ደረሰ። በወረቀትና በእስክሪብቶ ነው፣ በዚያው መጋዘን። በሌላው ዓመት ግማሹ ተማሪ ይወድቅ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ጦይባ በሥራ ቀንም በቅዳሜም አልለቀቀቻቸውም። ስታርም ማመን አቃታት። ሁሉም አግኝተውታል። ከመነሻው ተነስተው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጥተው፣ ድምዳሜው ላይ ቁጭ ብለዋል። የተወላገደ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ በሕይወታቸው እስክሪብቶ የያዙት እዚህ ክፍል ብቻ ነው። መልሱ ግን ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው አንድ ነው። ብቻዋን ቢሮዋ ውስጥ ሻይ አስመጥታ፣ እግሯን ጠረጴዛው ላይ ሰቅላ ጠጣች።

ውጤቱን ለሚዛን አስገባች። ሚዛን ማርክ የሚመዘግበውና ኩረጃ የሚቆጣጠረው የዩኒቨርሲቲው ሥርዓት ነው፤ ሲናገር ሰውን ሁሉ አንቱ ይላል። በማግስቱ መልእክት ላከላት።

"የተከበሩ መምህርት፣ የኮረጁ ተማሪዎች መልሳቸው ይመሳሰላል። የእርስዎ ተማሪዎች መልስ ይመሳሰላል። ስለዚህ ኮርጀዋል። ሁሉም እንዲባረሩ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። መልካም ቀን ይሁንልዎ።"

መጀመሪያ ሳቀች። እንደገና አነበበችው። ከዚያ መሳቋን ተወችና ወደ ዶክተር ልሳነወርቅ ቢሮ ወረደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሌሎቹ ኮርሶች ሁሉ ሹክ ለእያንዳንዱ ተማሪ መልሱን በየራሱ ቃል ቀምሞ ስለሚያቀብል የሁለት ተማሪ ወረቀት ተመሳስሎ አያውቅም። ሚዛን ያደገው እንዲህ ያለውን ወረቀት እያየ ነው። እንደ እሱ ሐቀኛ ማለት ከጎረቤቱ የተለየ ማለት ነው።

ዶክተር ልሳነወርቅ ሸበቶ፣ ንጹሕ፣ ከማንም ጋር መጣላት የማይወዱ ሰው ናቸው። ወንበር አሳዩዋት።

"ጦይባ፣ እስቲ ረጋ ብለሽ ስሚኝ። ልጆቹ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ነው የጻፉት።"

"መልሱ አንድ ስለሆነ ነው፣ ዶክተር።"

"በሌላ ኮርስ እኮ እንዲህ አይሆንም።"

"በሌላ ኮርስ መልስ የለማ።"

"ትንሽ እንኳ ለየት ለየት አድርገው እንዲጽፉ ለምን አልነገርሻቸውም?"

"ሁለትና ሁለት አራት ነው የሚለውን ምን ብለው ይለያዩበት?"

ዶክተር ልሳነወርቅ ዐይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቀል አደረጉ፤ ሹክ ሲያናግራቸው እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። "'በግምት አራት' ሊሉ ይችሉ ነበር" አሉ።

ከዚያ ቀሪውን ነገሯት። ጥፋታቸውን የሚያምኑ ተማሪዎች አንድ ሴሚስተር ብቻ ይቀጣሉ። የማያምኑት ይባረራሉ። ተማሪው ሁሉ የኮረጀበት ኮርስ ደግሞ መጠናት አለበት፤ "መጠናት" ማለት በዚያ ግቢ መዘጋት ማለት ነው።

"የማሽን ውሳኔ ሰው ካላጸደቀው አይጸናም፣ አይደል?" አለች። "አጽዳቂው ማን ነው?"

"ኮሚቴ ነው። እኔ አለሁበት። የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊዋ አለችበት። ከጥራት ቢሮ አንድ ሰው አለበት። እያንዳንዳችን ሳንነጋገር፣ በየግላችን መርምረን ነው አስተያየት የምንጽፈው። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።"

ከቢሯቸው ስትወጣ ተማሪዎቿን ሬጅስትራር በር ላይ ተሰልፈው አገኘቻቸው። ጥፋታቸውን ሊያምኑ ነው። ከሰልፉ ፊት የቆመው ይድነቃቸው ነው፣ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ዝምተኛ ልጅ።

"ኮርጀሃል?" አለችው።

"አልኮረጅኩም።"

"ታዲያ ምን ትሠራለህ እዚህ?"

"ሹክ እመን አለኝ። ካመንኩ አንድ ሴሚስተር ነው፣ ካላመንኩ እባረራለሁ። እናቴ ክር ፋብሪካ ነው የምትሠራው፣ ቲቸር። ሳንባዋ አልቋል። እኔ ተመርቄ ስቀጠር ልትወጣ ነው የምትጠብቀው። አንድ ሴሚስተር ትችላለች። ብባረር ግን አትችልም።"

ጦይባ ሰልፉን አየችው። ሁሉም አንገታቸውን በአንድ ጎን ዘንበል አድርገው እየሰሙ ነው። ለሁሉም ሹክ እየነገራቸው ያለው አንድ ነገር ነው፣ ለእያንዳንዱ በየራሱ ቃል፣ በለሰለሰ ድምፅ። ንዴቷ ወደ አናቷ ወጣ። መጮህ ግን አልፈለገችም፤ የጮኸችባቸው እንደሆነ እንዴት መረጋጋት እንዳለባቸው ሹክ ይነግራቸዋል።

"ማመናችሁን አልከለክልም" አለች። "ብቻ ከዚያ በፊት ለአንድ ሰዓት መጋዘን ኑ። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን እመኑ።"

መጡ። በሩ ላይ አማካሪዋ ስላልነበረች ውሃውን የምታቀብል ጦይባ ራሷ ሆነች። ሹኮቹ ትሪው ላይ ገቡ። ከዚያ ቦርዱ ላይ የሚዛንን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች እንዳሉ ገለበጠች፣ "የተከበሩ መምህርት" የሚለውን ብቻ ትታ። ቾኩን አስቀምጣ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ አንዲት ልጅ "እንዴ" አለች። ከዚያ አንዱ በእጁ አፉን ያዘ። ይድነቃቸው ተነስቶ ወደ ቦርዱ ተጠጋና ጽሑፉን በጣቱ እየተከተለ አነበበው፤ የማያውቀው ቋንቋ ይመስል።

"ይሄ እኮ የአህያው ነው" አለ።

"የአህያው ነው" አለች ጦይባ።

ያን ጊዜ ሁሉም አንድ ላይ ማውራት ጀመሩ። አልኮረጅንም፣ አናምንም፣ እንናገራለን፣ ማን ይናገር። እዚህ ላይ ነገሩ ተያዘ። ኮሚቴው ክሱን የሚሰማበት ስብሰባ ሦስተኛ ፎቅ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ እዚያ ሹክ ይሠራል። ሹክ ጆሯቸው ውስጥ ካለ ይቅርታ ያስጠይቃቸዋል፤ ካወጡት ደግሞ ሰው ፊት ቆመው መናገር አይችሉም፤ ምላሳቸው ይተሳሰራል። አንዱ ሌላውን አየ።

ረውዳ እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ይህ የእሷ ጠባይ አይደለም፤ ጦይባ አስተውላለች፣ ፈርታ ነው ብላ አለፈችው።

"እኔ እናገራለሁ" አለች ረውዳ፣ ሽንኩርቱን እያየች። "ወላሂ ያለ ሹክም አወራለሁ። ከማውራት ሌላ የምችለው ነገር የለም።"

በስብሰባው ቀን አዳራሹ ሞላ። ተማሪዎቹ በአንድ ወገን ተቀመጡ፤ ጦይባ ከእነሱ ጋር። ከፊት ለፊት ሦስቱ የኮሚቴ አባላት፣ በየፊታቸው ማጽደቂያ ሰሌዳ፤ የሚዛን ድምፅ የሚወጣው ከግድግዳው ነው። ረውዳ ሹኩን አውጥታ ኪሷ ከትታለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፣ ግን ቆማለች።

በደንቡ መሠረት አባላቱ በየግላቸው የጻፉትን አስተያየት አነበቡ። ዶክተር ልሳነወርቅ ጀመሩ፦ "ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ በጥልቀት መርምሬ፣ የቀረበው ማስረጃ አጥጋቢ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በከባድ ሐዘን እስማማለሁ።" የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊዋ ቀጠሉ፦ "ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ በጥልቀት መርምሬ፣ የቀረበው ማስረጃ አጥጋቢ ሆኖ ስላገኘሁት፣ በከባድ ሐዘን እስማማለሁ።" ከጥራት ቢሮ የመጡት ሰውዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ያንኑ አነበቡ፤ ሐዘኑም ሳይቀር። ለተማሪ የተለያየ ቃል የሚያቀብለው ሹክ ለባለሥልጣን ሲሆን አንድ ዓይነት ነው የሚሰጠው። ወጥ አሠራር ይባላል።

አዳራሹ ውስጥ ማንም የተገረመ የለም። ጦይባ ግን የረውዳ አንገት ሲቀና አየች።

"አንድ ጥያቄ ልጠይቅ" አለች ረውዳ። ድምፅዋ መጀመሪያ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ መጣላት። "በየግላችሁ ነው የጻፋችሁት?"

"በየግላችን ነው" አሉ ዶክተር ልሳነወርቅ።

"ሳትነጋገሩ?"

"መነጋገር ደንቡ አይፈቅድም።"

"ግን አንድ ዓይነት ነው።"

"እውነቱ አንድ ስለሆነ ነዋ" አሉ የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊዋ ፈገግ ብለው።

"እንግዲህ" አለች ረውዳ፣ "የእኛም መልስ በዚያው ምክንያት አንድ ሊሆን ይችላል።"

ከጥራት ቢሮ የመጡት ሰውዬ "ያኛው የተለየ ነው" አሉ።

"በምን?"

ሦስቱም በአንዴ ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። ከተማሪዎቹ መሃል አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው።

"ሚዛን ያለው እኮ ቀላል ነው" አለች ረውዳ። "የኮረጀ ይመሳሰላል አለ። እሺ። የተመሳሰለ ሁሉ ግን ኮርጇል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ዶክተር፣ እርስዎ አህ..."

ጦይባ ሳለች። ሽንኩርት የለመደ ጉሮሮ ስለሆነ ጠንካራ ሳል ነበር።

"ለምሳሌ እርስዎ አጽዳቂ ከሆኑ ጆሮ አለዎት" አለች ረውዳ ወዲያው። "ጆሮ ያለው ሁሉ ግን አጽዳቂ አይደለም። ካላመናችሁኝ ሚዛንን ልጠይቀው። ሚዛን፣ የሦስቱን አስተያየት ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ፣ የተከበሩ ተማሪ" አለ ግድግዳው። "የኮረጁ ሰዎች ጽሑፋቸው ይመሳሰላል። የኮሚቴው አባላት ጽሑፍ ይመሳሰላል። ስለዚህ ኮርጀዋል። ሦስቱም ከሥራ እንዲሰናበቱ ሐሳብ አቀርባለሁ። ውሳኔው ለኮሚቴው ማጽደቂያ ተልኳል። መልካም ቀን ይሁንላችሁ።"

የሦስቱም ሰሌዳ መብራት በራ። የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊዋ ጣታቸውን ዘርግተው "እስማማለሁ" የሚለውን ነኩት።

እሳቸው ራሳቸው ጣታቸውን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አዩት። ከአሥር ዓመት በላይ የበራ ሰሌዳ ሁሉ ሲነካ የኖረ ጣት ነው፤ ፈቃድ አልጠየቀም።

"አንድ ድምፅ ተመዝግቧል" አለ ሚዛን።

ዶክተር ልሳነወርቅ ሰሌዳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙት። "አልስማማም የሚለው የት ነው?" አሉ በቀስታ። ሹክ አልነገራቸውም፤ ወይ አላወቀም፣ ወይ እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም።

"ወደ ታች ያውርዱት፣ ዶክተር" አለች ረውዳ። "ሦስተኛው ገጽ ላይ ነው።"

አወረዱት። አገኙት። "ምክንያት ይጻፉ ይላል" አሉ። ወደ ጣሪያው ቀና አሉ፣ ጠበቁ፣ ምንም አልመጣም። ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጦይባ እሳቸውን ያለ ሹክ አየቻቸው፤ የተጨነቁ ሽማግሌ ናቸው። ወደ ተማሪዎቹ ዞሩ። "ምን ብዬ ልጻፍ?"

ተማሪዎቹ ያለ ቀጠሮ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሁሉም በአንድ ላይ፣ "አይከተልም" አሉ።

ዶክተር ልሳነወርቅ በአንድ ጣታቸው ጻፉት። የጥራት ቢሮው ሰውዬ ከጎናቸው አንገታቸውን አስግገው አዩና ቃል በቃል ገለበጡት። ሁለት ለአንድ ሆነ፤ ኮሚቴው ከሥራ ሳይባረር ቀረ። እንግዲህ በዚያ ምክንያት እነሱ ከዳኑ ተማሪዎቹን በምን እንደሚያባርሩ የሚነግራቸው አልተገኘም። ክሱ ተዘጋ። ይድነቃቸው ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ፤ እንዴት ማልቀስ እንዳለበት የነገረው ሰው አልነበረም፣ ቢሆንም በደንብ አለቀሰ።

ከሰዓት በኋላ ጦይባ መጋዘኑ ውስጥ ቦርዱን ስታጠፋ ረውዳ ገባች። በሩ ላይ ቆመች።

"ቲቸር፣ እኔ ግን ኮርጃለሁ" አለች።

ጦይባ ዳስተሩን እንደያዘች ቀረች።

"ከይድነቃቸው ነው። እሱ አያውቅም። ሲጽፍ አየሁና ቀዳሁት። የአህያው ቀን ገብቶኝ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አልሠራሁም፤ ለማጥናት ሰነፍኩ።"

"እዚያ ላይ ቆመሽ ስትከራከሪ ይሄ ትዝ አላለሽም?"

"ሁሉ ጊዜ ትዝ ይለኝ ነበር። አልኮረጅንም ግን አላልኩም እኮ። አይከተልም ነው ያልኩት።"

ጦይባ በሐሳቧ ወደ ኋላ ተመልሳ ቃል በቃል አስታወሰችው። እውነቷን ነው። አንድ ጊዜም አላለችም። በሬጅስትራሩም ቀን፣ ሌሎቹ ሁሉ አልኮረጅንም ሲሉ ዝም ያለችው እሷ ነበረች። መናደድ እንዳለባት ታውቃለች። ግን ልጅቷ የጥፋቷን ልክ እንዲህ አጥርታ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ ስትይዘው፣ የሚያናድድ ነገር ፈልጋ አጣች።

"የኮረጀ ስንት ያገኛል?" አለቻት።

"ዜሮ።"

"ኮርጀሻል?"

"ኮርጃለሁ።"

"ስለዚህ?"

"ዜሮ። ይሄኛው ይከተላል።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማንም" አለች። ሹኩ ገና ኪሷ ውስጥ ነበር።

ጦይባ ቢሮዋ ሄዳ ዜሮውን ለሚዛን አስገባች። በማስተማር ዘመኗ ብዙ ዜሮ ሰጥታለች፤ እያከበረች የሰጠችው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ሚዛን አልተቀበላትም።

"የተከበሩ መምህርት፣ ይህች ተማሪ መኮረጇ አልተረጋገጠም ተብሎ ክሱ ተዘግቷል። ስለዚህ አልኮረጀችም። ስለዚህ ዜሮ ሊሰጣት አይችልም። ኤ መዝግቤላታለሁ። እንኳን ደስ አለዎት።"

አንድ ሰዓት ተከራከረችው። ሚዛን አንዴም ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ አንዴም ሳይደክመው፣ መልካም ቀን እየተመኘላት ኤውን አጸና።

ስትነግራት ረውዳ በጣም ተበሳጨች። "አልተረጋገጠም ማለት አልተደረገም ማለት ነው እንዴ?" ብላ በነጋታው ኤ ተሰጥቶብኛል የሚል አቤቱታ ይዛ ወደ ኮሚቴው ወጣች። የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊዋ የዓመት ዕረፍት ወጥተዋል ተባለች። የጥራት ቢሮው ሰውዬ ለመስክ ሥራ ሄደዋል። ዶክተር ልሳነወርቅ በመስኮት ሲያዩዋት በኋላ በር ወጡ፤ ጸሐፊያቸው "አሁን እዚህ ነበሩ" አለቻት፣ ሻያቸው እየጨሰ። ኤው እስከ ዛሬ ድረስ እዚያው አለ። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ በሎጂክ ፈተና ላይ ትክክለኛ መልሶች በተቻለ መጠን የተለያዩ እንዲሆኑ የሚያበረታታ መመሪያ አወጣ። ኮርሱ ግን አልተዘጋም፤ ለመዝጋት ኮሚቴ መሰብሰብ ነበረበት፣ ኮሚቴ ሆኖ ለመቀመጥ ደግሞ የሚደፍር ጠፋ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር አዲሶቹ ተማሪዎች በገቡበት የመጀመሪያ ቀን ረውዳም መጣች። ስሟ የትም አልተመዘገበም። የፈለገችው ኮርሱን ከአንድ ጀምሮ መማር ነው። ጦይባ አልከለከለቻትም። የቤት ሥራ ሠራች፤ አጥፍታ ሠራች፣ ደግማ ሠራች። በፈተናው ቀን ከሁሉም ርቃ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀመጠች፤ ይህን ያዘዛት የለም።

ሰባ አንድ አገኘች። ማንም የማይመዘግበው፣ ማንም የማያጸድቀው፣ ከጦይባ እስክሪብቶ ሌላ የትም የሌለ ሰባ አንድ። ረውዳ ወረቀቷን ተቀብላ አገላብጣ አየችና ጆንያው ላይ ቁጭ አለች።

"ይሄ ሰባ ሦስት ነው መሆን ያለበት" አለች።

"ለምን?"

"አራተኛው ላይ ሁለት ቀንሰውብኛል። ደረጃ ዘለልሽ ብለው ነው። አልዘለልኩም፣ ከላይ ጽፌዋለሁ።"

"ሁለተኛውን ደረጃ ጽፈሻል፣ ሦስተኛውን አልጻፍሽም።"

"ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር አንድ ነው።"

"አንድ አይደለም። አሳዪኝ።"

ከምግብ ቤቱ በኩል ምሳ ደርሷል የሚል ጩኸት ተሰማ። ሌሎቹ ተማሪዎች ሹኮቻቸውን ከትሪው ላይ እየለቀሙ ወጡ፤ ሁለቱ ቀሩ። ጦይባ ቾክ አቀበለቻት፣ ረውዳ ቦርዱን ግማሽ ሞላችው፣ ጦይባ አጠፋችው፣ ረውዳ እንደገና ጻፈችው። ምሳው አለፋቸው። በመጨረሻ አንዱን ማርክ አስመለሰች።